ትንሽ ይለቃል

መምህር ይገረም የተገኙት አንድ ቦንዳ አቡጀዲድ ደረታቸው ላይ ተጭኖ ነው። ዓይናቸው ተከፍቶ ጣሪያውን ያያል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የሚታይ ነገር የለውም።

ያገኟቸው የመጋዘኑ ባለቤት እትዬ ሸዋርካብሽ ናቸው። ጎጃም በረንዳ ውስጥ ጨርቅ በጅምላ ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ንግዱን ብቻቸውን ይዘውታል። ጠዋት ጠዋት ገበያው ሳይሞቅ፣ እዚያው መጋዘናቸው ውስጥ፣ ከሁለት ወጣት ነጋዴዎችና ከአንድ ደላላ ጋር መምህሩ ዘንድ እንግሊዝኛ ይማሩ ነበር። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። የሚስቅባቸው ሞልቷል፤ ፊት ለፊታቸው የሳቀ ግን የለም።

ኢንስፔክተር ታንጉት ስትደርስ በሩ ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ተሰብስቧል። የሞተ ሰው አይቸኩልም፤ የሚጋፋው የቆመው ነው። ከሰዉ ፈንጠር ብሎ፣ ባዶ የእጅ ጋሪ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። እጁ በካቴና ታስሯል።

«ይሄ ማነው?» አለች።

ሳጅን ቅዱስ ቀበቶውን ሳብ አደረገ። «ዱባለ ይባላል፤ የመጋዘኑ ጫኝና አውራጅ ነው። ቦንዳውን የደረደረው እሱ ነው። አጣሞ ደረደረው፣ ወደቀባቸው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። እሱም አልካደም።»

«አልካደም ወይስ አመነ?»

«አጣምሜው ይሆናል እያለ ነው። ቃሉን ጽፌ ላስፈርመው ነበር።»

ዱባለ ቀና ብሎ አላየም። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ግን የታማሚ ነበር። «ያን የደረደርኩ ቀን ደክሞኝ ነበር» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «የላይኛውን ሳስቀምጥ ደክሞኝ ነበር። አጣምሜው ይሆናል።»

«አንተ ሰውዬ አፍህን ያዝ!» ስትል ከሰው መሀል አንዲት ሴት ጮኸች። ሚስቱ አበራሽ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ኢንስፔክተሯ መጣች። «እመቤቴ፣ ይሄ ሰው እንኳን ቦንዳ ጫማውን አጣሞ አያስቀምጥም! ቤት ውስጥ ድስት ሳዞር እንኳ ‹ጆሮው ወደዚህ ይሁን› እያለ ነው ያነደደኝ። ዛሬ ምን ነክቶት ነው አጣመምኩ የሚለው? ብትጠይቂው አባቴን ገደልኩ ይልሻል፤ ደንዝዟል!»

እውነቷን ነው፣ ደንዝዟል። ከፈረመ እስር ቤት ነው። ቢፈታም እንኳ፣ ድርድሩ ሰው የገደለበትን ጫኝ በዚያ ተራ ሁለተኛ ጭነት የሚያሸክመው የለም። ጫኝ ደግሞ ከትከሻውና ከስሙ በቀር ምን አለው?

«እኔ ሳልወጣ እንዳታስፈርመው» አለች ታንጉት ለሳጅኑ። ወደ ዱባለ ዞራ፣ «ጋሼ ዱባለ፣ ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

እርስዎ በመባሉ ግራ ገባው። «እኔ? በሩን ከፍቼ አትክልት ተራ ሄድኩ። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ነበር። ሰው ጠርቶኝ ስመለስ… ይሄው።»

ታንጉት አጭር ናት፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ከኮቷ ኪስ የሽምብራ ቆሎ አይጠፋም፤ ስታስብ አንድ አንድ እየወረወረች ታኝካለች። መጋዘኑ ውስጥ ግን ኪሷን አልነካችም።

መምህሩ በጀርባቸው ወድቀዋል፤ ከበላያቸው እስከ ቆርቆሮው የሚደርስ የቦንዳ ክምር ቆሟል። ቦንዳው ደረታቸው ላይ ነው። ደሙ ግን ከጭንቅላታቸው ጀርባ ነው የወጣው። በርከክ ብላ ጭንቅላታቸውን ቀና አድርጋ አየችው። ቁስሉ ጠባብና ረጅም ነው።

መሰላል አስመጣችና ክምሩ ጫፍ ላይ ወጣች። ሳጅን ቅዱስ ከታች መሰላሉን ይዞ፣ «ኢንስፔክተር፣ የወደቀው እኮ እዚህ ታች ነው» አለ፣ ቀልድ ያወቀ መስሎት። እሷ ከላይ እጇን አሳየችው። መዳፏ በአቧራ ከሰል መስሏል። ወርዳ በሌላው፣ በንጹሑ እጇ፣ አስከሬኑ ላይ ያለውን ቦንዳ ዳበሰችው። እንደ ሚኒባስ ወንበር ለስልሷል።

ከዚያ ግድግዳውን ተከትላ ዞረች። ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ በጠመኔ ቤት ተስሎበታል፣ ከቤቱ አጠገብ ሰው፣ ከሰሌዳው ጫፍ ደግሞ ሌላ ሰው። የቅርቡና የሩቁ። ከበሩ አጠገብ አንድ ወፍራም ሚስማር ባዶውን ቀርቷል። ጥግ ላይ ክዳኑ የተከፈተ የውሃ ጀሪካን። ከጀሪካኑ ጀርባ ሰማያዊ ጨርቅ የተጠቀለለባቸው ጣቃዎች ተቆልለዋል፤ ሰው ዓመት ያልነካቸው ይመስላሉ። ሲሚንቶው ላይ፣ ከእነሱ እግር ስር፣ የደረቀ ሰማያዊ ጠብታ አየች። አንድ ቦታ ብቻ።

ተነስታ ወደ ውጪ ወጣች።

እትዬ ሸዋርካብሽ ሱቃቸው በረንዳ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው እንደ ጸሎት መጽሐፍ ይዘውታል።

«ነፍሳቸውን ይማር፣ እትዬ። ምን ነበር የሚያስተምሯችሁ?»

«ቅርብና ሩቅ። ትንሽና ብዙ።» ድምፃቸው ጠፍጣፋ ነው። «ኒር፣ ፋር፣ ቬሪ ፋር። ኧ ሊትል፣ ቱ ማች። ይሄንን ለመማር ስልሳ ዓመት ጠበቅኩ። ቬሪ ማለት በጣም ነው አለን። ቱ ደግሞ ከበጣም ያለፈው፣ የሚጎዳው ነው አለን። አልገባኝም አልኩት። ሻይዬ ላይ ስኳር እየጨመረ አጠጣኝ፣ እየጨመረ አጠጣኝ፣ እስክተፋው። ‹አሁን ቱ ማች ሆነ፣ እትዬ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም።»

«ቅርብና ሩቁንስ?»

«በብረቱ ሜትር ነዋ። ጨርቅ የምንለካበት፣ በሩ ጋ ሚስማር ላይ የሚንጠለጠለው። እሱን ይዞ እያሳየ።»

«ዛሬ የለም።»

«የለም?» እትዬ ሸዋርካብሽ ትንሽ አሰቡ። «አላየሁም። ምንም አላየሁም፣ ልጄ። ያየሁት የይገረምን ጫማ ነው።»

«ለመሆኑ እንግሊዝኛ ለምን ፈለጉ?»

«ከቻይናዋ ሴትዮ ጋር ራሴ ላወራ። ጨርቅ የምትልክልኝ ናት። እስከ ዛሬ ደላላው ማስረሻ ነው የሚያወራልኝ፤ የእሷን ለእኔ፣ የእኔን ለእሷ። ሰው እስከ መቼ በሰው አፍ ይበላል?»

«መምህሩን ሲያገኟቸው ለማን ደወሉ?»

«ልጮህ አፌ አልከፈት አለ። ማስረሻ ጋ ደወልኩ። አብሮን የሚማረው ናሆም ጋም ደወልኩ። ናሆም ‹ደርሻለሁ› አለኝ፤ የደረሰው ግን አስከሬኑን ካለበሱት በኋላ ነው፣ የማይረባ። ማስረሻ ግን ሰው ነው። ‹ሩቅ ነኝ እትዬ፣ አብነት ሰፈር ነኝ፣ መንገዱ ዝግ ነው› አለኝ፤ ግን ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ ከተፍ አለ። ጎረቤት እንኳ አልሰማም ነበር። ‹ስልክዎን ይስጡኝ ፖሊስ ልጥራ› አለኝ። አልሰጠሁትም። ልሰጠው ፈልጌ ነበር፣ ጣቴ አልላቀቅ አለኝ።»

አሁንም አልተላቀቀም።

ናሆም የስልክ ጌጣጌጥ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ አብነት ነው። ትናንት በትምህርት መሀል ቪዲዮ ሲያይ መምህሩ ስልኩን ቀምተውት፣ «ቆይ፣ ታየኛለህ!» ብሎ ዝቶ እንደወጣ ሁሉም ሰምቷል። ታንጉት ፊት ሲቆም ላብ ላብ አለው።

«ለእትዬ ሸዋርካብሽ ‹ደርሻለሁ› ስትል የት ነበርክ?»

«መንገድ ላይ።»

«የትኛው መንገድ?»

«ወደዚህ የሚመጣው።»

«ናሆም።»

«አልጋ ላይ ነበርኩ» አለ። «እናቴ ምስክር ናት፤ ብርድ ልብሱን የገፈፈችኝ እሷ ናት። ኢንስፔክተር፣ ዋሽቼ አይደለም! መርካቶ እንደዚህ ነው። አልጋህ ውስጥ ሆነህ ‹ደርሻለሁ› ነው፣ ሱሪህን እየፈለግክ ‹በሩ ላይ ነኝ› ነው። ሩቅ ነኝ ያልክ ቀን ደንበኛው ሌላ ሱቅ ገባ ማለት ነው። እኛ ሩቅ የሚባል ቃል የለንም። መምህሩም በዚህ ነው የሚስቁብን። ‹ሱቅህ የት ነው› ሲሉ ሁላችንም ‹ኒር፣ ኒር!› እንላለን፤ ‹እባካችሁ አንድ ሰው እንኳ ፋር ይበል፣ ቃሉ ዛገብኝ› ይሉ ነበር።»

ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«አቶ ማስረሻም ኒር ነበር የሚሉት?»

«ማስረሻማ የሁላችንም አለቃ ነው! አዳማ ሆኖ ‹እታች ነኝ፣ ውረድ› ይልሃል።»

ኢክራ ከእናቷ የተረከበችው የልብስ ሱቅ አላት፤ ዱባይ ሄዳ ራሷ ዕቃ ልታመጣ ነው የምትማረው። ዓይኗ አብጧል። ከሁሉም ቀድማ መምጣቷን ራሷ ተናገረች።

«የንጋቱን ሱብሂ ሰግጄ በዚያው መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ልገባ ስል ውሃ ሲንቧቧ ሰማሁ። ጋሼ ዱባለ የሚታጠብ መሰለኝ፤ ጭነት ካወረደ በኋላ እዚያ ይታጠባል። ወንድ በሚታጠብበት ምን አስገባኝ? ወላሂ አፍሬ ተመለስኩ። ብገባ ኖሮ…»

«ብትገቢ ሁለት ሬሳ ይሆን ነበር። ተይው። ይልቅ ንገሪኝ፣ ያ ጥግ ላይ ያለው ሰማያዊ ጨርቅ ምንድነው?»

«የተማሪ ዩኒፎርም። አይንኩት፣ ጉድ ነው። መስከረም ላይ ብዙ ሸጠን ነበር። ከዚያ ዝናብ መጣ። ልጆቹ ሰማያዊ አንገት፣ ሰማያዊ እግር ሆነው ቤታቸው ገቡ። እናቶቹ መጥተው ሱቄ በር ላይ አዋረዱኝ። ደረቁን ምንም አይልም፣ ውሃ ሲነካው ነው። እትዬ ያልተሸጠውን እዚያ ወረወሩት። ስሙንም መስማት አይፈልጉም። ቻይናዋ አታለለችኝ ነው የሚሉት።»

«ትናንት ናሆም ከወጣ በኋላ ሌላ ምን ሆነ?»

ኢክራ አሰበች። «መምህሩ እውነተኛ ንግግር እንስማ ብለው ስልካችን ላይ ያለ የድምፅ መልእክት ጠየቁን። እትዬ ስልካቸውን ሰጧቸው። ከቻይናዋ የመጣ፣ የቆየ ነው። መምህሩ ጆሯቸው ላይ አድርገው ብቻቸውን ሰሙት። ደግመው ሰሙት። ‹ይሄንን ነገ አብረን እንሰማዋለን› ብለው ስልኩን መለሱ። ሲያዩ የነበረው ግን እትዬን አይደለም።»

«ማንን ነው?»

ኢክራ ወደ በሩ ገላመጠች። «ጋሼ ማስረሻን» አለች።

ማስረሻ መልከ መልካም ነው፤ ደላላ እንደሚሆነው ሁሉ ጫማው የሚያበራ። እንግሊዝኛ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። ክፍል ውስጥም የሚገባው ‹ለማጥራት› ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ መምህሩን ያርም ነበር። የኅዳር ጠዋት ብርድ ሰዉን ሁሉ ትከሻው ውስጥ ደብቆታል። እሱ ግን የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሏል።

«አልበረድዎትም?»

«ደንግጬ ሞቀኝ። ሰው እኮ ነው የሞተው፣ ኢንስፔክተር።»

«ሲደወልልዎ የት ነበሩ?»

«አብነት። ሩቅ ነበርኩ።»

«ቢሮዎስ?»

«እሱም ሩቅ ነው፣ ወዲያ ማዶ። ይሄ ምስኪን ጫኝ ምን ይደረጋል? ሆን ብሎ አይደለም እኮ። ቢፈርምና ቶሎ ቢያልቅለት ይሻለዋል። ጠበቃ እኔ እፈልግለታለሁ።»

«ደግ ሰው ነዎት» አለች ታንጉት።

ወጥታ ቢሮውን ጠየቀች። አንድ ጋሪ ገፊ በአገጩ አሳያት። ከመጋዘኑ ግድግዳ ጀርባ፣ ጥጉን እንደ ዞሩ ነው። ከኪሷ ያወጣችውን ቆሎ ሳታኝክ ደረሰች።

ተመልሳ መጋዘን ገባች፤ ሰማያዊዎቹ ጣቃዎች ዘንድ ተንበረከከች። ስትነሳ ሳጅን ቅዱስን የአይሱዙውን ሹፌር እንዲጠይቅ ላከችው። ሳጅኑ ቀላ። ሲመለስ ሁሉንም እንዲጠራ አዘዘችው፤ ዱባለንም ከእነ ካቴናው።

አስከሬኑ ተነስቷል። ውጪ ገበያው ሞቆ፣ «ተሻገር! ተሻገር! ዞር በል!» ይጮሃል። ውስጥ ከታንጉት ሌላ ስድስት ሰው ቆሟል። አበራሽን ማንም አልጠራትም፤ ግን በሩን ይዛ ቆማለች፣ የሚያስወጣትም አልተገኘ።

«እዚህ ስትማሩ ምን ላይ ነበር የምትቀመጡት?» አለች ታንጉት።

«ቦንዳ ላይ» አለ ናሆም። «ከሰሌዳው ፊት ተደርድሮልን።»

«ተቀመጡ እስቲ። በየቦታችሁ።»

እትዬ ሸዋርካብሽ ተቀመጡ። ናሆም ተቀመጠ። ማስረሻ ከኋላ ተቀመጠ። ኢክራ ግን ቆማ ቀረች፤ ዙሪያውን አየች። «የኔ የለም» አለች።

«የአንቺ መምህሩ ላይ ነበር።» ታንጉት ወደ ወደቀው ቦንዳ ጠቆመች። «ንኩት፤ ሰው የተቀመጠበት ስለሆነ ለስልሷል፣ አቧራም የለውም። ክምሩ ላይ ወጥቼ አይቻለሁ። ላይ ያለው ቦንዳ ሁሉ አቧራ እንደ ለበሰ በቦታው ነው። አንድም ክፍተት የለም። ከላይ የወደቀ ነገር የለም። ይሄ ቦንዳ መሬት ላይ የነበረ መቀመጫ ነው፤ ተንከባሎ ነው ሰው ላይ የወጣው። ለማንከባለል ደግሞ ጫኝ መሆን አያስፈልግም።»

ዱባለ ቀና ብሎ ክምሩን አየ።

«መምህሩ የሞቱት ከኋላ በብረት ተመትተው ነው። ቁስሉ ጠባብና ረጅም ነው፤ ሚስማሩ ላይ የነበረው ሜትርም የለም። ታዲያ የት ሄደ? ገዳዩ ደም የነካውን ብረት ይዞ ጎጃም በረንዳን በጠዋት ሊያቋርጥ አይችልም። እዚሁ በጀሪካኑ ውሃ አጠበው። ኢክራ የሰማችው እሱን ነው። ዱባለ ያን ጊዜ አትክልት ተራ ሽንኩርት ስር ነበር፤ ሳጅን የአይሱዙውን ሹፌር ጠይቆ መጥቷል።»

ሳጅን ቅዱስ መሬት መሬት እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«ከዚያ ማንም የማይነካው ቦታ ደበቀው።» አንዱን ሰማያዊ ጣቃ ከቁልሉ ጎትታ አዘነበለችው። ጨርቁ ከተጠቀለለበት የካርቶን ቱቦ ውስጥ የብረቱ ሜትር ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ። ማንም አልደነገጠም። ከጠዋት ጀምሮ መደንገጥ አልቆባቸዋል።

«ይሄን ጨርቅ ማንም እንደማይነካው እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል» አለ ማስረሻ፣ በዝግታ።

«ትክክል። ስለዚህ በሌላ መንገድ ሄድኩ። እትዬ፣ ናሆም ሲደውሉለት ምን አለዎት?»

«ደርሻለሁ።»

«አልጋው ውስጥ ሆኖ። ንጹሕ ሰው መርካቶ ውስጥ እንደዚያ ነው የሚለው። አቶ ማስረሻስ?»

እትዬ ሸዋርካብሽ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ሩቅ ነኝ» አሉ። «ሩቅ ነኝ አለኝ።»

«ስንት ዓመት አብረው ሠሩ?»

«ብዙ።»

«ስንት ጊዜ ሩቅ ነኝ ብሎዎት ያውቃል?»

ናሆም ነው የመለሰው፣ ለራሱ እንደሚናገር። «አዳማ ሆኖ እንኳ ብሎ አያውቅም።»

«በዚህች ጠዋት ብቻ ሩቅ አስፈለገዎት፣ አቶ ማስረሻ። ደንበኛ እንዳያመልጥ አይደለም፤ ከሬሳው ለመራቅ ነው። እንደዚያ ብለው ደግሞ መቆየት አልቻሉም። ስልኩ እትዬ እጅ ላይ ነበርና ፖሊስ ሳይመጣ መውሰድ ነበረብዎት። ስለዚህ ከአብነት፣ መንገዱ ዝግ ሆኖ፣ ጎረቤት ሳይሰማ ደረሱ። ቢሮዬ ሩቅ ነው አሉኝ። አይቼዋለሁ። በዚህ ግድግዳ ሲያስሉ ይሰማል።»

«ሰው ደንግጦ ያለውን ቃል ይዘሽ…»

«እጅጌዎን ይፍቱት።»

«ምን?»

«ሸሚዝዎን። ብርድ ነው።»

ማስረሻ አልነካውም። ሳጅን ቅዱስ ቀርቦ ጥቅልሉን ፈታው፣ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ነጩ ሸሚዝ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ሰማያዊ ሆኗል። መስመር መስመር አይደለም፣ የተነከረ።

«እርጥብ ብረት በእርጥብ እጅ ወደ ቱቦው ሲከቱ ነው» አለች ታንጉት። «ይሄ ጨርቅ ደረቁን ምንም አይልም። ቆዳዎን አጥበውታል፤ ሸሚዙን ግን ሄደው ቀይረው ለመመለስ ጊዜ አልነበረዎትም።»

«ለምን?» አሉ እትዬ ሸዋርካብሽ። ድምፃቸው አሁንም ጠፍጣፋ ነው። «ይገረም ምን አደረገህ?»

«ስልክዎን ይስጡኝ፣ እትዬ» አለች ታንጉት።

ጣታቸው ተላቀቀ። ታንጉት የቆየውን መልእክት ፈልጋ ከፍ አድርጋ አሰማች። የሴት ድምፅ ነው፤ ቀስ ብላ፣ እንግሊዝኛውም የእሷ እንዳልሆነ እያስታወቀ ትናገራለች። ኢክራ መተርጎም ጀመረች፤ «ሰማያዊው ጨርቅ ቀለሙ…»

«ቆይ!» አሉ እትዬ ሸዋርካብሽ። «ማንም አይተርጉምልኝ። ድገሚው።»

ተደገመ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«ቱ ማች» አሉ። «ቱ ማች ነው ያለችው። ሁለት ጊዜ። ‹ኖ› ደግሞ አለች። አትውሰጂ ነው ያለችኝ።» ወደ ማስረሻ ዞሩ። «አንተ ምን ነበር ያልከኝ? እዚሁ ቆመህ? ‹ትንሽ ይለቃል እትዬ፣ አንዴ ከታጠበ ያቆማል።›»

ማስረሻ እጅጌውን እያየ ነበር። «ሰማያዊውን ከሚሠራው ፋብሪካ ድለላ ነበረኝ» አለ። «አሮጌ ዕቃ ነው፤ እንዳስወጣላቸው ፈልገው… አንድ ቃል እኮ ናት። ለዘመናት ስቀንስላችሁ፣ ስጨምርላችሁ ኖርኩ፤ ማንም አልተጎዳም።» እንደ ሸቀጥ ዋጋ ይናገረዋል፣ ያለ ሀዘን፣ ያለ ፍርሃት። «ጠዋት ቀድሜ መጥቼ እንዳይናገር ለመንኩት። ‹እኔ አልናገርም፣ እሳቸው ራሳቸው ሰምተው ይረዱታል፤ ለዚያ ነው የማስተምራቸው› አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሰሌዳ ላይ ሰው መሳል ጀመረ። እትዬ ራሳቸው ከሰሙ እኔ ምን እሆናለሁ? እሱ ግን ሰው ይስላል።»

«ለልጆች አንገት አላዘንክም» አሉ እትዬ ሸዋርካብሽ። «ለእሱ እንዴት ታዝናለህ።» ፊታቸውንም አዞሩበት። ሳጅን ቅዱስ ከዱባለ እጅ ካቴናውን ፈታ፤ ሌላ ስላልነበረው፣ ያንኑ ለማስረሻ አሰረው።

ሰዉ ተከትሎት ወጣ። ዱባለ ግን እጁ ተፈትቶም እንደታሰረ አድርጎ ይዞት ቆሟል።

«ነፃ ነዎት፣ ጋሼ ዱባለ» አለች ታንጉት። «ይሂዱ።»

«አልወደቀም?» አለ።

«አልወደቀም።»

«የላይኛው?»

«የላይኛውም። አንዱም አልተነቃነቀም።»

«እኔ እኮ…» ግንባሩን ጠረገ። «ከጠዋት ጀምሮ ሳስብ፣ ሲያዘነብል ታየኝ። አጣምሜ ሳስቀምጠው በዓይኔ አየሁት። አስታወስኩት።»

«ያልሆነ ነገር ነው ያስታወሱት።»

ክምሩ ዘንድ ሄዶ በመዳፉ ከታች ጀመረ፤ አንዱን ቦንዳ ነካ፣ ቀጥሎ የላዩን፣ ቀጥሎ የላዩን፣ እጁ እስከሚደርስበት። ቀጥ ብሏል። ግንባሩን አስደግፎበት ቆመ። ትከሻው መንቀጥቀጥ የጀመረው ያኔ ነው።

አበራሽ ከበሩ ገባች። ልታዋርደው አፏን ከፍታ ነበር፤ ዘጋችው። ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ጀርባው ላይ ጣል አደረገችለትና፣ ሰው እንዳያየው፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ከፊቱ ቆመች።